አዛዡ እና አገልጋዩ፦ የቅኝ አገዛዝ ውርስ በኬንያ የአካባቢ አስተዳደር



 የዛሬው ንግግሬ ቅኝ አገዛዝ በነጻይቱ ኬንያ የአካባቢ አስተዳደር ላይ ያሳረፈውን አሻራ ይመለከታል። ኬንያን የመረጥሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጎረቤታችን ናት፤ ሞያሌ ላይ አንዱ ከተማ ለሁለት ተከፍሎ የአንድ ቦረና ዘመዳሞች በሁለት መንግሥታት ሥር ይኖራሉ። ሁለተኛ፣ የኬንያ ታሪክ አንድን ጥያቄ ጥርት አድርጎ ያቀርብልናል፦ ቅኝ ገዢው ጓዙን ጠቅልሎ ከሄደ ከስድሳ ዓመት በኋላም ጽሕፈት ቤቱ ሥራውን የቀጠለው ስለ ምን ነው? በንግግሬ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውሳለሁ።

ጉዳዩን ለመመርመር የተራቀቀ መሣሪያ አያስፈልገንም። በአንድ አካባቢ የተቀመጠን ማንኛውንም ሹም በተመለከተ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ማን ሾመው? የሚያስተዳድረው ገንዘብ ከማን እጅ ይመጣል? ጥፋት ቢገኝበት ማን ሊሽረው ይችላል? ሦስቱም መልሶች ወደ ላይ የሚያመለክቱ ከሆነ ያ ሰው በአካባቢው የተቀመጠ የማዕከል እጅ ነው፤ በቦታው ስለሚኖርና የሕዝቡን ቋንቋ ስለሚናገር ብቻ የአካባቢ አስተዳደር ልንለው አንችልም። ይህን ልዩነት በልባችን ይዘን ወደ ታሪኩ እንግባ።

ብሪታንያ በ1895 ምሥራቅ አፍሪካን የጥበቃ ግዛቷ አድርጋ ስታውጅ፣ ዛሬ ኬንያ በምንለው ምድር የሚኖሩት አብዛኞቹ ሕዝቦች አንድ ሰው ተሹሞ የሚያዝበት ሥርዓት አልነበራቸውም። ኪኩዩው፣ ካምባው፣ ማሳዩ ጉዳዩን የሚጨርሰው በሽማግሌዎች ሸንጎና በዕድሜ እርከን በተደራጀ ሥርዓት ነበር። ለእኛ የገዳን ሥርዓት ማስታወስ ይበቃል፤ ሥልጣን ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው በተራ የሚያልፍ እንጂ በአንድ ሰው እጅ የሚከማች አልነበረም። በምዕራብ የነበረው የዋንጋ መንግሥት ከዚህ የተለየ ነበር፤ ናቦንጎ በሚል ማዕረግ የሚጠራ ንጉሥ ነበረው።

በናይጄሪያ ልምዱ የታወቀው ፍሬደሪክ ሉጋርድ ያስፋፋው «ቀጥተኛ ያልሆነ አገዛዝ» የተሰኘው መርሕ፣ ቅኝ ገዢው በነባሮቹ ገዢዎች አማካይነት ያስተዳድር የሚል ነበር። በሰሜን ናይጄሪያ አሚሮች ነበሩ። በኬንያ ግን በአብዛኛው ቦታ እንዲህ ያለ ገዢ አልተገኘም። ስለዚህ ተፈጠረ። በ1902 የወጣው የመንደር ሹሞች ሕግ ለእያንዳንዱ መንደር መንግሥት የሚያውቀው ሹም እንዲሰየም አደረገ፤ በ1912 የወጣው የተወላጆች ባለሥልጣን ሕግ ደግሞ ለእነዚህ «ቺፍ» ለተባሉት ሹሞች ሰፊ ሥልጣን ሰጣቸው። ቺፉ ሰውን ለመንገድ ሥራ ያዛል፣ ጠላ እንዳይጠመቅ ይከለክላል፣ የጎጆ ግብር መሰብሰቡን ይቆጣጠራል፣ ትእዛዝ ያልፈጸመውን ያስይዛል።

ለዚህ ሹመት የሚመረጠው ማን ነበር? ብዙውን ጊዜ የተከበረው ሽማግሌ አልነበረም። ለእንግሊዞቹ ቅርብ የነበረው፣ ለነጋዴ ጓዝ መንገድ የመራው፣ ስንቅ ያቀረበው፣ ወይም ያስተረጎመው ሰው ነበር። በኪኩዩ አገር የበላይ ቺፍ እስከመሆን የደረሰው ኪንያንጁይ ዋ ጋቲሪሙ ለሥልጣን የበቃው እንዲህ ባለው መንገድ ነው። በምዕራብም የዋንጋው ንጉሥ ሙሚያ የበላይ ቺፍ ተብሎ ተሾመ፤ የእርሱ ሰዎችም ቀድሞ በዋንጋ ሥር ባልነበሩ ጎረቤቶች ላይ ቺፍ ሆነው ተላኩ። ያ ያስከተለው ቂም ለረጅም ጊዜ ቆይቷል።

እንግዲህ ሦስቱን ጥያቄዎች እንመልስ። ቺፉን የሚሾመው የቅኝ መንግሥቱ ነው፤ ደመወዙን የሚከፍለው ያው መንግሥት ነው፤ የሚሽረውም የአውራጃ ኮሚሽነሩ ነው። ሽማግሌው በሸንጎ ሲሳሳት በሸንጎ ይወቀስ ነበር፤ ቺፉ ሲሳሳት ግን የበደለው ሰው አቤት የሚለው ቺፉን ወደ ሾመው ሰው ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እንደምንለው መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ፣ እዚህ የማይከሰሰው ንጉሥ የመንደር ሹም መሆኑ ነው። ኡጋንዳዊው ምሁር ማህሙድ ማምዳኒ በ1996 ባሳተመው «ዜጋና ተገዢ» በተሰኘ መጽሐፉ ይህን ዓይነቱን አገዛዝ ያልተማከለ አምባገነንነት ብሎ ሰይሞታል። ስያሜው ትክክል ይመስለኛል፤ ሥልጣን ወደ ታች ወርዷል፤ ተጠያቂነት ግን አብሮት አልወረደም።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር፣ ሌላም ዓይነት የአካባቢ አስተዳደር ነበር። ነጮቹ ሰፋሪዎች ለም መሬት በያዙባቸው ደጋማ ቦታዎች፣ ዳኛ ሪቻርድ ፊታም የመሩት ኮሚሽን ያቀረበውን ሐሳብ ተከትሎ በ1928 በወጣው ሕግ የራሳቸውን የአውራጃ ምክር ቤቶች አቋቋሙ። ሰፋሪው ተወካዩን ይመርጣል፣ መንገዱን ያሠራል፣ በጀቱን ይመረምራል። ስለዚህ እንግሊዞች ተጠያቂ የአካባቢ አስተዳደር ምን እንደሚመስል ያውቁ ነበር፤ ለአፍሪካውያኑ ያልሰጡት ሆን ብለው ነው። ወንዱ ሠራተኛ የጣት አሻራው ያረፈበትን ኪፓንዴ የተባለውን የመታወቂያ ወረቀት በብረት ማኅደር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከአንዱ አስተዳደር ወደ ሌላው ይሻገር ነበር፤ በአንዱ ጉልበቱን ይሸጣል፣ በሌላው ግብሩን ይከፍላል፤ በሁለቱም ድምፅ የለውም።

ይሁን እንጂ ታሪኩ የትእዛዝ ብቻ አይደለም። በ1922 ሃሪ ቱኩ የተባለው ወጣት ግብርንና ኪፓንዴን በመቃወሙ ሲታሰር፣ ናይሮቢ ላይ ሊያስፈቱት በተሰበሰቡት ሰዎች ላይ ተተኮሰ፤ በመንግሥቱ ቁጥር እንኳ 21 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ፣ በ1924፣ መንግሥት የአካባቢ ተወላጆች ምክር ቤት የሚባሉትን አቋቋመ። ዓላማው የሕዝቡን ብሶት በአውራጃ ኮሚሽነሩ ሰብሳቢነት በሚመራ አዳራሽ ውስጥ መያዝ ነበር። የሆነው ግን ከታሰበው አለፈ። የኪኩዩ አውራጃ ምክር ቤቶች ለትምህርት ቤት ማሠሪያ በራሳቸው ላይ መዋጮ ጣሉ፤ የምዕራቡም እንዲሁ አደረገ። ግብርን እንደ ቅጣት ያይ የነበረው ሕዝብ፣ ገንዘቡ የት እንደሚውል የመናገር ዕድል ሲያገኝ ተጨማሪ ለመክፈል ፈቀደ። ይህ በአስተዳደር ትምህርት ውስጥ ትልቅ ቦታ ሊሰጠው የሚገባ እውነት ነው። ምክር ቤቶቹ በ1950 የአፍሪካውያን አውራጃ ምክር ቤት ተብለው ሰፋ ያለ ሥራ ተሰጣቸው።

እንግዲህ በቅኝ አገዛዙ ማብቂያ ገደማ በአንድ አውራጃ ውስጥ ሁለት መንግሥት ቆሞ ነበር። አንደኛው ከክፍለ ሀገር ኮሚሽነር እስከ ቺፍና ምክትል ቺፍ የሚወርደው የአዛዡ ሰንሰለት ነው። ሁለተኛው ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና መንገድ የሚሠራው አገልጋዩ ምክር ቤት ነው። በ1952 በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ምክንያት አዛዡ ከመጠን በላይ ገዘፈ። የማው ማውን ዐመፅ ለመደምሰስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የኪኩዩ ገበሬዎች ከየጎጇቸው ተነሥተው ወደ 800 በሚጠጉ የታጠሩ መንደሮች ሰፈሩ፤ በየመንደሩ የሚወጣውንና የሚገባውን የሚቆጣጠሩት ቺፎቹና የአገር ጥበቃ የተባሉት ታጣቂዎቻቸው ነበሩ። ኬንያ በ1963 የወረሰችው የአስተዳደር ሰንሰለት ከጦርነት ሥራ ገና ያልተላቀቀ፣ ለጦርነት ተብሎ የተጠናከረ ሰንሰለት ነበር።

ነጻነት ሲመጣ ሁለቱም መንገድ ክፍት ነበር። የነጻነቱ ሕገ መንግሥት «ማጂምቦ» የተሰኘውን ሥርዓት የያዘ ነበር፤ ቃሉ በስዋሂሊ ክልሎች ማለት ነው። ሰባት ክልሎች ከነምክር ቤቶቻቸው ተቋቋሙ። ይህን የፈለገው የትንንሾቹ ሕዝቦች ስጋት የሚሰማበት ካዱ የተባለው ፓርቲ ነበር፤ የጆሞ ኬንያታ ካኑ ግን አገርን የሚከፋፍል ብሎ ተቃወመው። ክልሎቹ ገንዘባቸውን በወቅቱ ሳያገኙ፣ ሠራተኛ ሳይመደብላቸው ቀሩ። ካዱ በኅዳር 1964 ራሱን አፈረሰ፤ በታኅሣሥ አገሪቱ ሪፐብሊክ ስትሆን የክልሎቹ ሥልጣን ወደ ማዕከል ተመለሰ። የክፍለ ሀገር ኮሚሽነሮቹ ግን አልተመለሱም፤ እንዲያውም በቀጥታ ለፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ተጠሪ ሆኑ። የቀድሞው የተወላጆች ባለሥልጣን ሕግም የቺፎች ሥልጣን ሕግ ተብሎ በሥራ ላይ ቆየ።

ወሳኙ ዓመት 1969 ይመስለኛል። በዚያ ዓመት በወጣው የሥራዎች ማዛወሪያ ሕግ የገጠር ካውንቲ ምክር ቤቶች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን፣ ጤናንና መንገድን እንዲያስረክቡ ተደረገ። ሦስቱን ሲያጡ የገንዘብ ምንጫቸውም አብሮ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ ምክር ቤቱ ገበያ የሚያጸዳ፣ ከነጋዴ ቀረጥ የሚለቅም፣ የሠራተኛውን ደመወዝ እንኳ በወቅቱ መክፈል የሚቸግረው ተቋም ሆነ። ሰው ምክር ቤቱን ናቀው፤ ንቀቱም ለማዕከሉ ምክንያት ሆነው፤ «አይችሉም» ተባለ። አቅሙን ነጥቆ አቅም የለህም ማለት ግን ፍርድ አይደለም።

አዛዡ በበኩሉ በሁሉም ቦታ ነበር። ሕዝብን ለመሰብሰብ ፈቃድ የሚሰጠው የአውራጃ ኮሚሽነሩ ነው። ይህ ከቅኝ አገዛዙ የተወረሰ የፀጥታ ሕግ በ1966 ከገዢው ፓርቲ ተለይቶ የወጣውን የኦጊንጋ ኦዲንጋን ፓርቲ ለማፈን አገለገለ፤ የተቃዋሚው የፓርላማ አባል የመረጡትን ሰዎች ለማነጋገር ካልተመረጠ ሹም ፈቃድ መለመን ነበረበት። ቺፉ ግን «ባራዛ» የተሰኘውን ስብሰባ በፈለገ ጊዜ ይጠራል፤ ሕዝቡም ተቀምጦ ያዳምጣል። በ1983 በፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ ዘመን አውራጃን ያተኮረ የገጠር ልማት የተባለ ፖሊሲ ሲወጣ ብዙዎች ሥልጣን ወደ ታች ወረደ ብለው ተስፋ አድርገው ነበር፤ የልማት ኮሚቴው ሰብሳቢ ግን ያው የአውራጃ ኮሚሽነሩ ሆነ። በ1988 በተካሄደው የፓርቲ ምርጫ መራጩ በዕጩው ጀርባ በግልጽ እንዲሰለፍ ተደረገ፤ ሰልፉን ቆጥሮ አሸናፊውን የሚያሳውቀው የአስተዳደሩ ሰው ነበር፤ አጭሩ ሰልፍ አሸነፈ የተባለባቸው ቦታዎችም ነበሩ።

የዚህ ሥርዓት ክብደት ከሁሉ የከፋው ግን በሰሜን፣ በእኛ ድንበር አጠገብ ነበር። የሰሜን ጠረፍ አውራጃ የተባለው ሰፊ ምድር በቅኝ አገዛዙ ዘመን ዝግ ክልል ነበር፤ ያለ ፈቃድ መግባትም መውጣትም አይቻልም። በ1934 የወጣው የልዩ አውራጃዎች ሕግ ለአስተዳዳሪው አንድን ጎሳ በሙሉ በጠላትነት ፈርጆ ሰውን የማሰር፣ ከብትንም የመውረስ ሥልጣን ሰጠው። ከነጻነት በኋላ ከ1963 እስከ 1967 በተካሄደው የሽፍታ ጦርነት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜው ሥልጣን ተራዘመ፤ በሰሜን ምሥራቅ እስከ 1991 ድረስ አልተነሣም። በ1984 በዋጂር አቅራቢያ ዋጋላ በተባለ የአውሮፕላን ማረፊያ የደጎዲያ ሶማሌ ወንዶች ተሰብስበው ብዙዎች ተገደሉ። አንድን ጎሳ በሙሉ የመቅጣት ሐሳብ በዚያ ምድር ከሃምሳ ዓመት በፊት በሕግ ተጽፎ እንደነበር ልብ በሉ። በሌላ በኩል በ1965 የወጣው የኢኮኖሚ ፖሊሲ ሰነድ መዋዕለ ንዋይ ቶሎ ፍሬ ወደሚያፈራበት አካባቢ እንዲሄድ ወሰነ፤ ፍሬ የሚያፈራው ደግሞ የባቡር ሐዲድና መንገድ የተዘረጋለት የሰፋሪዎቹ አገር ነበር። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ በሙሉ አስፋልት የሆነው ነጻነት ከተገኘ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። የሰሜን ሰው ወደ ደቡብ ሲጓዝ «ወደ ኬንያ እሄዳለሁ» ማለቱ ከዚህ የመጣ ነው።

በ1997 ከተደረገው የፓርቲዎች ስምምነት በኋላ የቺፎቹ ሥልጣን ተቀነሰ፤ የስብሰባ ፈቃድና የልዩ አውራጃዎች ሕግም ቀሩ። ከ2007 ምርጫ በኋላ ከ1,100 በላይ ሰዎች የሞቱበት ግጭት ደግሞ ሁሉን በማዕከል የማከማቸትን አደጋ ገሃድ አወጣው፤ ፕሬዚዳንትነትን ያጣ ሁሉን ያጣ የሚመስልበት አገር ለምርጫ መሸነፍን አይችልም። በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት 47 ካውንቲዎችን አቋቋመ። እያንዳንዱ ካውንቲ የሚመረጥ ገዢና ምክር ቤት አለው፤ ከብሔራዊው ገቢ ቢያንስ 15 በመቶ ለካውንቲዎች እንዲከፋፈል ተደነገገ፤ ለተረሱ አካባቢዎች ማካካሻ ፈንድ ተመደበ፤ ጤና ወደ ካውንቲ ወረደ። በ1969 የተወሰደው ብዙው ነገር ተመለሰ ማለት ይቻላል። ለመጀመሪያ ጊዜም ሦስቱ ጥያቄዎች ወደ ታች የሚያመለክት መልስ አገኙ። በ2017 ምርጫ በርካታ የካውንቲ ገዢዎች ወንበራቸውን አጥተዋል። ሙስናም አብሮ ወደ ካውንቲ ወርዷል የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ነገር ግን ሌባውን በድምፅ ማባረር የሚቻልበት ሥርዓትና የማይቻልበት ሥርዓት አንድ አይደሉም።

ታዲያ አዛዡ ምን ሆነ? ሕገ መንግሥቱ የክፍለ ሀገሩ አስተዳደር በአምስት ዓመት ውስጥ ካልተማከለው ሥርዓት ጋር እንዲጣጣም ሆኖ እንደገና እንዲዋቀር አዝዞ ነበር። በ2013 የወጣው የብሔራዊ መንግሥት ማስተባበሪያ ሕግ ሰንሰለቱን በካውንቲ ኮሚሽነር ስም አስቀጠለው። ምክትሉ፣ ረዳቱ፣ ቺፉ፣ ምክትል ቺፉ እንደነበሩ ቀጠሉ። ዛሬ በአንድ ካውንቲ ውስጥ ሕዝብ የመረጠው ገዢና ማዕከሉ የሾመው ኮሚሽነር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በ1924 የተጀመረው የሁለት መንግሥት አኗኗር አላበቃም፤ አገልጋዩ ጉልበት አገኘ እንጂ አዛዡ አልተሰናበተም።

ስለ ምን አልተሰናበተም? ለገዢ ጠቃሚ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ከዋና ከተማ እስከ መጨረሻው መንደር ትእዛዝ የሚያደርስ ሰንሰለት በእጁ ያለው መንግሥት በፈቃዱ አይበጥሰውም። ነገር ግን ለሕዝቡም ጠቃሚ መሆኑን ካልተቀበልን ግማሹን እውነት እናጣለን። መታወቂያ ለማውጣት የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው ቺፉ ነው፤ በድርቅ ጊዜ ለእርዳታ እህል ተቀባዮችን በመለየት የሚሳተፈው ቺፉ ነው፤ የባልና ሚስት ጠብ የሚያበርደው፣ የወሰን ክርክር የሚሰማው ቺፉ ነው። በየጊዜው የራሳችን ቺፍ ይሾምልን ብለው የሚለምኑ መንደሮች አሉ። ምክንያቱም መንግሥት ወደ ድሃው በር የሚደርሰው በዚህ ሰው በኩል ስለሆነ ነው። ጥያቄው ቺፉ ይኑር ወይስ አይኑር ሳይሆን፣ እየጠቀመም እየበደለም ለማን ነው መልስ የሚሰጠው የሚለው ነው።

አንድ ተቃውሞ ይነሣብኛል ብዬ እጠብቃለሁ፤ መነሣትም አለበት። ይህን ሁሉ በቅኝ አገዛዝ ማሳበብ ለአፍሪካውያን መሪዎች መሸሸጊያ አይሆንም ወይ? ይሆናል፤ ስለዚህ መለየት ያስፈልጋል። ቅኝ አገዛዝ የዚህን ተቋም ልደት ያስረዳል፤ ዕድሜውን ግን አያስረዳም። በ1902 ቺፉን የፈጠረው እንግሊዛዊ ነው። በ1964 ክልሎቹን ያከሰመው፣ በ1969 ምክር ቤቶቹን ያራቆተው፣ በ1988 ሰልፉን የቆጠረው ግን ኬንያዊ ነው። የተወረሰ ቤት ሠሪው ሌላ ቢሆንም፣ የተከራየ ሰው ያለበት ክፍል የሚጠገነውና የሚፈርሰው በወራሹ ውሳኔ ነው።

እኛም ብንሆን ይህን ታሪክ ከሩቅ እንደምናየው የሌላ ሰው ሕመም ልንቆጥረው አይገባም። ኢትዮጵያ ከአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ በቀር በቅኝ ገዢ ሥር አልኖረችም፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ግን ማንም ቅኝ ገዢ አላስተማረንም። ተረቱ ሹመትን የሚያየው ከሾመው ጌታ እጅ እንደተቀበሉት፣ ለጊዜው እንደተያዘ ርስት ነው፤ የሚተዳደረው ሰው በነገሩ ውስጥ አልተጠቀሰም። ወደ ላይ ብቻ የሚያይ ሹም ለመፍጠር የውጭ ገዢ የግድ አያስፈልግም ማለት ነው።

ከእናንተ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ነገ በወረዳና በቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ። የኬንያን ታሪክ ያነሣሁላችሁ ለፈተና እንድታጠኑት ብቻ አይደለም። በ1920ዎቹ የአውራጃ ምክር ቤት የተቀመጡት ሰዎች ሥልጣናቸው ጠባብ፣ ሰብሳቢያቸውም ባዕድ ነበር፤ ሆኖም ሕዝቡን ጠየቁ፣ መዋጮውን ጣሉ፣ ትምህርት ቤቱን አሠሩ። በ1980ዎቹ የነበሩት ኮሚሽነሮች ደግሞ ሥልጣናቸው ሰፊ፣ መንግሥታቸውም የራሳቸው ነበር፤ ዛሬ ሕዝቡ የሚያስታውሳቸው ግን በተቆጠረው ሰልፍ ነው። መዋቅር ብዙ ነገር ይወስናል። ደብዳቤውን የሚፈርመው እጅ ግን የሰው ነው፤ ያ ሰው የሚፈርመውን ለማን ማስረዳት እንዳለበት ከመፈረሙ በፊት ማወቅ ይገባዋል።